ስኳር የሌለበት ከረሜላና የቡሬ ቆረቆንዳ

በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ሱቆች ባንደኛው ሳሙና ወይም ክብሪት የገዛ ሰው፥ ባለሱቁ ዝርዝር ያጠረው እንደ ሆነ፥ በመልሱ ፋንታ ሁለት ፍሬ ከረሜላ ወይም አንድ ማስቲካ ይሰጠዋል፤ ይህም ልማድ በቡሬም ሆነ በደምበጫ፥ እስከ አዲስ አበባም ድረስ የታወቀ ስለ ሆነ የሚከራከርበት ሰው ጥቂት ነው። ከረሜላዪቱም ማንም ሳይሻት፥ በዓልም ሳይሆን፥ የምሳ ሰዓትም ሳይደርስ፥ በኪስ ተይዛ ወደ ቤት ትገባና የሕፃን አፍ ታገኛለች። ጣፋጭ ነገር ቀኑን ጠብቆ በሚመጣበት ዘመን ያደጉ አባቶችና እናቶች ይህን ከቁም ነገር ባይቈጥሩት አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን የጥርስ ሊቃውንት መርምረው ካገኙት ዕውቀት ሁሉ ለተራው ሰው እጅግ የሚጠቅመው፥ ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ወደ አፍ የሚገባበት ጊዜ መደጋገሙ ነው የሚለው ስለ ሆነ፥ ስኳር የሌለበት ከረሜላ የሚባለውን አዲስ ሸቀጥ ለመመዘን የሚሻ ሰው ከዚህ ሊነሣ ይገባዋል።

ምዕራብ ጎጃም ጣፋጭን ከስኳር በፊት ያውቀዋል። የዓባይ ምንጭ ከሚፈልቅበት ከሰከላ ደጋ ጀምሮ እስከ ብር ሸለቆ ድረስ ቀፎ የማይሰቀልበት ቀበሌ ጥቂት ነው፤ በየወንዙም ዳር ሸንኮራ አገዳ ይበቅላል። ማር ከተፈጥሮ የተገኘ ስለ ሆነ ለጥርስ አይከፋም እያሉ የሚያጽናኑ ሰዎች አሉ፤ ይህ ግን እውነት አይደለም፤ ምክንያቱም ማር በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ በተባሉት ሁለት የስኳር ዓይነቶች የተሞላ ስለ ሆነ፥ ጥርስ ላይ የሚኖሩት ረቂቃን ተሕዋስያን እንደ ፋብሪካው ስኳር ሁሉ ይመገቡታል። የቀድሞውን ሰው ጥርስ የጠበቀው የማሩ ጠባይ ሳይሆን ሥርዓቱ ነበር፤ ይኸውም ማር በቈረጣው ወራት ይመጣል፥ ጠጁና ብርዙም ለድግስና ለበዓል ይቀርባል፥ የቀረው ዘመን ሁሉ እንጀራና ሽሮ፥ ቆሎና ንፍሮ ነው።

ይህ ሥርዓት የተለወጠው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሆኖም መነሻ ይሁን ከተባለ 1946 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ዓመት ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ወንዝ ዳር፥ በወንጂ ያቆመው ፋብሪካ የመጀመሪያውን ስኳር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሸዋ፥ መተሐራ፥ ፊንጫ እየተከታተሉ ተተከሉ፤ ዛሬም ከምዕራብ ጎጃም ጎረቤት፥ በጃዊ፥ የጣና በለስ የአገዳ እርሻ ተዘርግቷል። ስኳሩ ከሻይ ወደ ብስኩት፥ ከብስኩት ወደ ለስላሳ መጠጥ፥ ከዚያም ወደ ከረሜላ ተሻገረ፤ በዓሉንም ሰዓቱንም መጠበቅ ቀረ።

በአፋችን ውስጥ የሚሆነው ነገር ይህ ነው። በጥርስ ላይ ሁልጊዜ የሚጋገር ዝልግልግ ሽፋን አለ፤ በርሱም ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ከነዚህም በክፋት የታወቀው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የተባለው ነው። ስኳር ወደ አፍ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እነዚህ ተሕዋስያን ያብላሉትና ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ፤ የአሲድን ኃይል የሚለካው ፒኤች የተባለው መስፈርት ከ5.5 ገደማ በታች በወረደ ጊዜ፥ ኢናሜል ከተባለው ከጥርሱ ጠንካራ የውጭ ልባስ ካልሲየምና ፎስፌት እየሟሙ ይወጣሉ። የአምላክ ጥበብ ግን ለዚህ መድኃኒቱን በዚያው በአፍ ውስጥ አኑሮታል፤ ምራቅ አሲዱን ያበርዳል፥ የጎደለውንም ማዕድን ይመልሳል። በጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1940ዎቹ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ሮበርት ስቴፋን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ይህን መውረድና መውጣት በመሣሪያ ለክቶ እንዳሳየው፥ ስኳር አንድ ጊዜ ከተቀመሰ በኋላ አፍ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። እንግዲህ በቀን ሦስት ጊዜ የሚመገብ ሰው አፉ ሦስት ጊዜ ይጎመዝዝና ሦስት ጊዜ ይድናል፤ በየሰዓቱ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ አፍ ግን ለመዳን ፋታ አያገኝም፤ ጥርሱም በመጀመሪያ ነጭ ነቁጥ ያወጣል፥ ነቁጡ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፥ በመጨረሻም ይቦረቦራል። በገጠሩ ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባላል፤ የእምቧይ ፍሬ እየታጠነም ትሉን ለማስወጣት ይደከማል። ጥርስን የሚበላ ሕያው ነገር አለ ማለታቸው በመሠረቱ ከእውነት እጅግ የራቀ አልነበረም፤ የራቀው ጢሱ ነው።

የጊዜ መደጋገም ከብዛት እንደሚብስ ያስረዳው ታላቅ ጥናት የተደረገው በስዊድን አገር፥ በሉንድ ከተማ፥ ቪፔሆልም በተባለ ሆስፒታል ነው። በዚያ የነበሩት ሕሙማን የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። ከ1945 ጀምሮ በተደረገው በዚህ ጥናት፥ አንዳንዶቹ ስኳሩን ከምግባቸው ጋር፥ ሌሎቹ ደግሞ ጥርስ ላይ እንዲጣበቅ ተብሎ የተሠራ ከረሜላ፥ ከፍ ባለው ክፍል በቀን እስከ 24 ፍሬ ድረስ፥ በምግብና በምግብ መካከል ይሰጣቸው ነበር። ስኳሩን ከምግብ ጋር የወሰዱት ጥርሳቸው ብዙም አልተጎዳም፤ የሚጣበቀውን በየመካከሉ የበሉት ግን ጥርሳቸው አለቀ። ፈቃዳቸውን ሊሰጡ በማይችሉ ሰዎች ላይ የተፈጸመ ሥራ ስለ ሆነ ስዊድናውያን ራሳቸው ዛሬ በኀፍረት ያነሡታል፤ የዓለም ሕፃናት የተጠቀሙበት ዕውቀት በነዚያ ድኩማን ጥርስ የተገዛ መሆኑንም የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባውም። የጥናቱ ውጤት የታተመው በጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1954 ነው፤ የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረበትም ዘመን ያው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ለእኛ ስኳሩ መጣልን፥ ለእነርሱ ማስጠንቀቂያው ደረሳቸው። የስዊድን ሹማምንትና ወላጆችም ይህን አይተው ለልጆች ጣፋጭን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ መስጠትን ልማድ አደረጉት፤ ዛሬም የቅዳሜ ከረሜላ በዚያ አገር የታወቀ ነገር ነው። የጎጃም ሰው ማሩን ለበዓል ሲያቆይ ያለ ሆስፒታል ጥናት የደረሰበት ሥርዓት ከዚህ ብዙ አይለይም።

ስለ ሥርዓት ከተነሣ፥ ጾምም መዘንጋት የለበትም። ወደ ግሽ ዓባይ ለጠበል የሚወጣ ምእመን አፉን ሳያሟሽ፥ ባዶ ሆዱን ከምንጩ ይደርሳል፤ በዐቢይ ጾምም አጥባቂው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት፥ ከዚያም አልፎ፥ ምንም አይቀምስም። ጾም ለነፍስ እንጂ ለጥርስ ተብሎ አልተሠራም፤ ቢሆንም የአፍ አሲድ ሳይነሣ የሚውልባቸው እነዚያ ረጅም ሰዓታት ለኢናሜሉ ዕረፍት መሆናቸው አይካድም። በክብረ በዓሉ ዕለት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከረሜላና ብስኩት የዘረጋ ነጋዴ አይታጣም፤ ልጆቹም ገንዘባቸው እስኪያልቅ ድረስ ይመላለሳሉ። እኔ በዚህ አልቈጣም፤ በዓል በዓል ነው። የምፈራው የማግስቱን ተራ ሰኞ ነው።

ሰው ጣፋጩን ሳይተው ከስኳሩ የሚድንበትን መንገድ መሻት ከጀመረ ቆይቷል። ሳካሪን የተባለው ከስኳር በመቶዎች እጥፍ የሚጣፍጥ ቅመም በ1879 በአሜሪካ ተገኘ፤ ነገር ግን ሳካሪን ጣዕም እንጂ አካል ስለሌለው ብቻውን ከረሜላ ሊሆን አይችልም። ለከረሜላው አካል የሚሆኑት የስኳር አልኮል የሚባሉት ናቸው፤ ስማቸው አልኮል ቢሆንም አያሰክሩም፥ ከጠላና ከአረቄም ጋር ዝምድና የላቸውም። ከነዚህ አንዱ ሶርቢቶል በ1872 ከአንድ የዱር ዛፍ ፍሬ ተለይቶ የወጣ ሲሆን፥ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ከበቆሎ ስታርች ነው። ሌላው ዛይሊቶል ነው፤ ይህንንም በ1890ዎቹ መግቢያ ኤሚል ፊሸር የተባለው የጀርመን ሊቅ ከእንጨት ፍቅፋቂ አገኘው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፊንላንድ ስኳር ባጣች ጊዜ በርች ከተባለው ዛፏ ዛይሊቶል ለማውጣት ሞከረች፤ ጦርነቱ አልፎ ስኳሩ ሲመለስ ግን ነገሩ ተረሳ።

የዛይሊቶል ነገር እንደ ገና የተነሣው በዚያው በፊንላንድ፥ በቱርኩ ከተማ ነው። ከ1972 እስከ 1974 ድረስ ሻይኒንና ማኪነን የተባሉት መምህራን 125 ያህል ሰዎችን በሦስት ከፍለው፥ የመጀመሪያዎቹ በተለመደው ስኳር፥ ሁለተኛዎቹ በፍሩክቶስ፥ ሦስተኛዎቹ በዛይሊቶል የጣፈጠ ምግብ ብቻ እንዲመገቡ አደረጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዛይሊቶል የኖሩት አዲስ የጥርስ ጉዳት እምብዛም አልታየባቸውም። ነገሩም እንዲህ ነው፦ ያ ክፉው ተሕዋስ ዛይሊቶሉን ስኳር መስሎት ወደ ውስጡ ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሊያብላላው አይችልም፤ መልሶ ለማስወጣት ደግሞ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ገለባ ሲያበራይ ውሎ ምርት ሳያገኝ እንደሚገባ ገበሬ ደክሞ ይቀራል። ሶርቢቶል ይህን ያህል ኃይል የለውም፤ ተሕዋስያኑ ቀስ እያሉ ጥቂት ያብላሉታል፤ የሚወጣው አሲድ ግን እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ጥርስን ለማሟሟት አይደርስም።

የዛይሊቶል ነገር ለምዕራብ ጎጃም ሰው የሚቀርበው በሌላም በኩል ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ያለው ዛይሊቶል አብዛኛው የሚወጣው፥ ይልቁንም በቻይና፥ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ቡሬ፥ ጃቢ ጠህናን፥ ወንበርማ የኢትዮጵያ የበቆሎ ጎተራ ከሚባሉት ወረዳዎች ናቸው፤ በመከር ጊዜ በቆሎው ተፈልፍሎ ወደ ገበያ ሲወጣ ቆረቆንዳው ከምድጃ ሥር ይገባል፥ የተረፈውም በየደጁ ይከመራል። በዚህ በሚናቅ ነገር ውስጥ ዛይላን የተባለ ክፍል አለ፤ ዛይላኑም በቀጭን አሲድ ሲፈላ ወደ ዛይሎስ ይለወጣል፤ ዛይሎሱም በኒኬል አማካይነት፥ በብርቱ ግፊትና ሙቀት ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ዛይሊቶል ይሆናል። ከቡሬ ከተማ አጠገብ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተቋቋመው የአገሩን ምርት በአገሩ ለመለወጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካው ነገ ይተከል ብዬ አልመክርም። ሃይድሮጅን የሚሠራበት ግፊት፥ የኤሌክትሪኩ ፍጆታና የቻይና ርካሽ ዋጋ አንድ ላይ ሲታሰቡ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ከስታርች ሶርቢቶል ማውጣት ምናልባት የቀለለ መጀመሪያ ይሆናል። የሚያስደንቀኝ ግን ከውጭ አገር በውድ ዋጋ በፋርማሲ መስታወት ውስጥ የሚደረደረው ነገርና በቡሬ ምድጃ የሚነደው ነገር አንድ ግንድ ያላቸው መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ ከረሜላው እንመለስ። ስኳር የሌለበት ከረሜላ ለጥርስ መልካም ነው ሲባል፥ ምስጋናው በአብዛኛው የሚገባው ለማያደርገው ነገር ነው፤ ተሕዋስያኑን አይመግብም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ1996 የስኳር አልኮል ያለባቸው ጣፋጮች ጥርስን የሚያበሰብሱ አይደሉም ተብሎ በማሸጊያቸው እንዲጻፍ የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በላይ የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር ምራቅን መጥራት ነው፤ በዚህም ረገድ ከሚመጠጠው ከረሜላ የሚታኘከው ማስቲካ ይበልጣል፤ ከምግብ በኋላ ስኳር የሌለበትን ማስቲካ ለ20 ደቂቃ ያህል ማኘክ አሲዱን በፍጥነት እንደሚያበርድ በጥናት ተረጋግጧል። ዛይሊቶል ያለበት ከረሜላ በራሱ ጥርስን ከመቦርቦር ያድናል የሚለው ግን ገና ሙሉ ማስረጃ አላገኘም፤ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ማኅበር በ2015 ባወጣው ምርመራ፥ ከዛይሊቶል ጋር የተሠራ የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጥቂት ብልጫ እንዳለው የሚያመለክት ደካማ ማስረጃ ማግኘቱን፥ ስለ ከረሜላውና ስለ ሌላው ግን ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ አለመኖሩን ገልጿል። በማሸጊያው ላይ የሚሳለው የሚያብረቀርቅ ጥርስ እንግዲህ ከሊቃውንቱ ቃል ቀድሞ ሄዷል።

ከዚህም የሚከፋ ወጥመድ አለ። የሎሚ፥ የብርቱካንና የእንጆሪ ጣዕም ያላቸው ከረሜላዎች የሚጎመዝዙት በሲትሪክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ ተሕዋስ ሳያስፈልገው በቀጥታ ኢናሜሉን ያሟሟል፤ ስኳር የለበትም ተብሎ ቀኑን ሙሉ የሚመጠጥ የሎሚ ከረሜላም ጥርስን ሳይቦረቡር ቀስ በቀስ ሊያሳሳው ይችላል። ስዊዘርላንዶች ይህን ለመለየት ጥሩ ዘዴ አበጅተዋል፤ ጥርስ ውስጥ በተተከለ መለኪያ ከረሜላውን እየመጠጡ ይፈትኑታል፤ ፒኤቹን በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ከ5.7 በታች ካላወረደውና ብዙ አሲድም ካልያዘ ብቻ ዣንጥላ የያዘ የጥርስ ሥዕል እንዲታተምበት ይፈቀድለታል። ይህ ምልክት በእኛ ሱቅ እምብዛም ስለማይገኝ፥ ገዢ ሊያነበው የሚችለው የንጥረ ነገሩን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለ ሆነ፥ ዛይሊቶል በስተመጨረሻ ከተጻፈ ለስሙ ያህል ገብቷል ማለት ነው። ደግሞም «ስኳር የለበትም» እና «ስኳር አልተጨመረበትም» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ከተፈጥሮው ያለ ስኳር ሊኖርበት ይችላል፥ ለጥርሱም ልዩነት የለውም።

ገንዘቡን በከረሜላ ለመጨረስ ከመነሣቱ በፊት ሰው ሊያስብበት የሚገባው ነገር ፍሎራይድ ነው፤ የሟሟውን ኢናሜል መልሶ ሲያጠነክር ከቀድሞው ይልቅ አሲድን የሚቋቋም የሚያደርገው እርሱ ነውና። የአገራችን ዕድል በዚህ ረገድ ግራ የሚያጋባ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ፥ በዚያው ስኳር በተወለደበት በወንጂ፥ የጕድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የብዙ ሠራተኞችን ልጆች ጥርስ አቡንኗል፥ የአንዳንዶቹንም አጥንት አጉብጧል፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ካጠኗቸው ከባድ የሕዝብ ሕመሞች አንዱ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል። የጎጃም ደጋ ምንጮች ግን በአብዛኛው ፍሎራይዳቸው ጥቂት ነው፤ ከሰከላ ተራራ የሚወርደው ውሃ የቱን ያህል ንጹሕ ቢሆን ለጥርስ ስንቅ አልያዘም። ስለዚህ በደጋው የሚያድግ ልጅ ፍሎራይዱን የሚያገኘው ከጥርስ ሳሙና ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የፍሎራይድ ሳሙናን በ2021 ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የወይራ፥ የክትክታና የልምጭ መፋቂያ መልካም ነገር ነው፥ ሽፋኑን ይጠርጋል፥ ገንዘብም አያስወጣም፤ ነገር ግን ፍሎራይድ ስለማይሰጥ ሳሙናውን በመፋቂያው ጫፍ አድርጎ መፋቅ ሁለቱን ጥቅም ያስተባብራል።

ስኳር የሌለበት ከረሜላ በእኛ አገር በብዛት የሚገባው ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፤ የሚሰጠውም ብዙውን ጊዜ የስኳር ሕመም ላለባቸው አዛውንት ነው። እርሳቸውም ስኳር የለበትም ሲባሉ ያለ ገደብ ይበሉታል። ማልቲቶል የተባለው የስኳር አልኮል ግን የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል፥ ከተለመደው ስኳር ያነሰ ቢሆንም፤ ሁሉም ዓይነት ሲበዛ ሆድን ይነፋል፥ ተቅማጥም ያመጣል፤ በአውሮፓ ከመቶ አሥር እጅ በላይ የስኳር አልኮል ያለበት ምግብ ሁሉ ይህ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ሕግ ያዛል። በተረፈ አራት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጠንካራ ከረሜላ፥ ስኳር ኖረበትም አልኖረበትም፥ ጕሮሮውን ሊዘጋው ስለሚችል አይሰጠውም።

ደጃፉን በውሻ የሚያስጠብቅ የገጠር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምር። ለሰው ጥርስ ደግ የሆነው ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ማስቲካ የዋጠ ውሻ ቆሽቱ ባልታሰበ ኃይል ኢንሱሊን ስለሚያፈስስ፥ ብዙ ጊዜ ሰዓት ሳይሞላው የደሙ ስኳር ወርዶ ይንገዳገዳል፥ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል። ልጆች አኝከው የሰለቻቸውን ለውሻው እንዳይወረውሩ፥ ማሸጊያውም ውሻ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል።